«የፈላ ውሃ» ብዬ የጻፍኩ ዕለት

የራሳችሁን ትምህርት ከሌላ ሰው አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሐሳቡን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ቃሉን፣ ቀልዱን፣ ተማሪው እንዲያስብ ብላችሁ ዝም የምትሉባትን ቦታ ሳይቀር። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብስ የእናንተም እጅ ሳታዙት አብሮ አጨብጭቦ ያውቃል? የእኔ አጨብጭቧል። የተበቀልኩት ለዚያ ጭብጨባ ነው።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሳላስረዳ መናደድ አልችልበትም።

ሰበታ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነገሩ የሆነው በሁለተኛ ዓመቴ ነው። እኔ እዚያው ተከራይቼ ስኖር አባቴ ሱሉልታ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአንዲት ላም ጋር ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ስደርስ በረት ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ መነሳት አቅቷቸው ነበር።

«ወድቀው ነው እንዴ አባባ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ኧረ ምን ሲባል! ላሟ ብቻዬን ሆንኩ ብላ አስቸገረችኝ፣ እያጫወትኳት ነው።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ነይ እስቲ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንሺኝ። ጨዋታው ረዘመብኝ።»

ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ፣ እንጦጦን ወጥቼ መውረድ አለብኝ። ከቅዳሜና እሁድ ውጪ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ሱሉልታ ውስጥ አንድ የባዮሎጂ መምህር ቦታ ተከፈተ ሲባል ልቤ ዘለለ። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም አሁን በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ ዝውውሩ ይፈቀዳል። ጠያቂው ግን ብዙ ነበር። ስለዚህ ውድድር ተባለ፦ እያንዳንዱ አመልካች በየትምህርት ቤቱ አንድ ናሙና ትምህርት ያቀርባል፣ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው አልፎ ቡራዩ ላይ ይወዳደራል፣ እዚያ ያሸነፈ ሱሉልታ ይገባል።

ከእኛ ትምህርት ቤት ያመለከትነው ሁለት ነበርን። ሁለተኛው፣ በሦስት ዓመት የሚቀድመኝ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ባልደረባዬ ነው። ሱሉልታን የፈለጋት እጮኛው እዚያ ስለምትሠራ ነበር። መልኩም ድምፁም ደስ ይላል፤ ተማሪም ይወደዋል። ማዘጋጀት ብቻ አይወድም።

በትምህርት ክፍላችን የሳምንቱ ዕቅድ ዓርብ ጠዋት የክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት። እሱ ሐሙስ ከሰዓት ይመጣል።

«ቲቸርዬ፣ ያቺን ብልህ ደብተርሽን እስቲ ወዲህ በያት።»

«አንተስ ደብተር የለህም?»

«አለኝ፣ ግን የኔ እንዳንቺው አይናገርም።»

መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። በሰማያዊ ርዕስ፣ በቀይ ትርጉም፣ በእርሳስ ሥዕል የተሞላ ደብተር ያለው ሰው አንባቢ ይናፍቃል። ችግሩ እሱ አንባቢ አልነበረም። ደብተሬን ይወስድና ሳይከፍተው ለክፍል አለቃዋ ይሰጣታል። አለቃዋ ሰሌዳው ላይ ትገለብጣለች፣ ስልሳ ተማሪ ከሰሌዳው ይገለብጣል፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ይህ አሠራር በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ነው፤ ተማሪ ሆኜ እኔም አለቃ ነበርኩ፣ እጄ እስኪዝል ገልብጫለሁ።

ሳያነብ እንደሚሰጥ በምን አወቅሁ? አንድ ጊዜ በገጹ ዳር ለራሴ ማስታወሻ ጽፌ ነበር፤ «ቅዳሜ የአባባን መድኃኒት እንዳትረሺ» የሚል። በማግስቱ በእሱ ክፍል ሳልፍ፣ ሰሌዳው ላይ፣ ከሕዋስ ክፍሎች ዝርዝር ሥር፣ በአለቃዋ ቆንጆ ጽሑፍ ሰፍሮ አየሁት። ከሳምንት በኋላ አንድ የእሱ ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቁሞ ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ የአባባ መድኃኒት ፈተና ላይ ይወጣል?»

ያን ቀን ስቄ አለፍኩት። መረጃውን ግን አስቀምጬዋለሁ።

ለውድድሩ የመረጥኩት ርዕስ «ቫይረስ ከሕያው ሕዋስ በምን ይለያል?» የሚል ነበር። ተማሪ ቫይረስን እንደ ትንሽ ትል ያስበዋል፤ የሚበላ፣ የሚያድግ፣ የሚራባ ነገር አድርጎ። አይደለም። ሕዋስ ትንሽም ቢሆን ሙሉ ቤት ነው። ምግብ ያስገባል፣ ከምግቡ ጉልበት ያወጣል፣ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ራይቦዞም የሚባሉ ጥቃቅን መሥሪያዎች አሉት፣ ያድጋል፣ ሲበቃው ለሁለት ይከፈላል። ቫይረስ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለውም። ያለው የዘር መልእክትና መልእክቱን የሸፈነ የፕሮቲን ልብስ ነው፤ አንዳንዱ ከወጣበት ሕዋስ የቀደደው ካፖርት ይደርብበታል። ከሕዋስ ውጪ ሲቀመጥ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም። ለሁለት ተከፍሎም አይራባም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ሕዋሱ መልእክቱን የራሱ መስሎት ያነብና በራሱ መሥሪያ፣ በራሱ ጉልበት የቫይረሱን ክፍሎች ያመርትለታል፤ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ብዙ ቫይረስ ይሆናሉ። የባክቴሪያ መድኃኒት ለጉንፋን የማይሠራውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚመታው የባክቴሪያውን መሥሪያ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ የሚመታ መሥሪያ የለውም።

ይህን በቃል ብቻ ብናገር ተማሪው ያንቀላፋል። ስለዚህ ሁለት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አሰብኩ። በሁለቱም ስኳር የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ አለ። በአንደኛው የዳቦ እርሾ እጨምራለሁ፤ እርሾ ሕያው ሕዋስ ነው። በሌላኛው «ይህን ፊኛ ንፋ» የሚል የተጠቀለለ ወረቀት እከታለሁ። በሁለቱም አፍ ላይ ቢጫ ፊኛ እገጥማለሁ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እርሾው ስኳሩን እየበላ አየር ያወጣና ፊኛውን ያቆመዋል። የወረቀቱ ፊኛ እንደተኛ ይቀራል። እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ከዚያ «ትእዛዙ እኮ ግልጽ ነው፤ እጅ የለውም እንጂ!» እላለሁ።

ሙከራውን አባቴ ቤት ስለማመድ ሁለት ጊዜ አልሳካ ብሎኝ ነበር። አባቴ ጣታቸውን ከውሃው ነክረው ቶሎ አወጡ።

«ይኼ ጥጃ ያቃጥላል። ከጡት እንደወጣ ወተት አድርጊው።»

አደረግሁት። ፊኛው ተነሳ። አባቴ ፊኛውን በኩርኩም መታ መታ አድርገው «ይኼስ ከላሟ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ይሠራል» አሉ።

የውድድሩ ቀን መጣ። እሱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ እኔ አምስተኛው ላይ ነበርን። ጠዋት ሁለቱን ጠርሙሶች ቤተ ሙከራ ውስጥ አዘጋጅቼ፣ ውሃ ማሞቅና ማቀዝቀዙን ተለማምጄ፣ የእሱን ትምህርት ለመመልከት ሊመዝነን ከመጣው ሱፐርቫይዘርና ከሌሎች መምህራን ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ አየሁ። የእኔ ጠርሙሶች። የእኔ ቢጫ ፊኛዎች። በጎናቸው ሐሙስ የወሰደው፣ ቀልዱና ዝም የምልባት ቦታ ሳይቀር የተጻፈበት ደብተሬ ተዘርግቷል። ውሃውም እርሾውም በእኔ እጅ የተለካ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ሠራለት። የወረቀቱ ፊኛ ተኛ። ባልደረባዬ ዝም አለ፤ ልክ እኔ ዝም በምልባት ቦታ። ከዚያ በዚያ ደስ በሚል ድምፁ፦

«ትእዛዙ እኮ ግልጽ ነው፤ እጅ የለውም እንጂ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ተጨበጨበ። እጆቼ አጨበጨቡ።

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሌላ ያዘጋጀሁት ነገር ስላልነበረኝ ያንኑ አቀረብኩ። ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ ብሎ በሁሉም ፊት እንዲህ አለኝ፦

«ከባልደረባ መማር አያሳፍርም። ግን ቢያንስ የፊኛውን ቀለም ብትቀይሪው ምን ነበር?»

ወደ ቡራዩ ያለፈው እሱ ሆነ። ለክፍል ኃላፊው አቤት አልኩ። «ደብተሩ የክፍላችን ነው፣ አብረን ነው የምንሠራው» አለኝና ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀመረ። ባልደረባዬን ራሱን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ያዝኩት።

«ጠርሙሶቼን ሰርቀሃል።»

«ሰረቀ አይባልም እህቴ! ትምህርት የግል ንብረት ነው እንዴ? ሐሳብሽን ሰው እንዲያየው አደረግሁልሽ እንጂ።»

«አባቴ ብቻቸውን ናቸው። ሱሉልታን ለምን እንደምፈልጋት ታውቃለህ።»

«እኔስ እጮኛዬ የለችም? ሁሉም ሰው ምክንያት አለው» አለና ስኒውን አስቀምጦ ወጣ።

በዚህ ቢበቃው ኖሮ ምናልባት እኔም ይበቃኝ ነበር። በሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ግን እንደ ወትሮው መጣ።

«ቲቸርዬ፣ ያለፈው አለፈ። ለቡራዩ የጠርሙሱን አሠራር ጻፊልኝ እስቲ። ያኔ የበጠበጥሽው አንቺ ስለነበርሽ ልኬቱን አላየሁም።»

ደፍሮ ጠየቀኝ! ፊቱን አየሁት፤ እንኳን ሊያፍር፣ ይቸኩል ነበር።

«ደስ እያለኝ» አልኩት። እውነቴን ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩት ገጽ የለም። ርዕሱ በሰማያዊ፣ ትርጉሙ በቀይ። የስኳሩ መጠን ትክክል፣ የእርሾው መጠን ትክክል፣ የፊኛው አገጣጠም በሥዕል። የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለብ ያለ ውሃ» በሚለው ፋንታ «በቀጥታ ከፔርሙዝ የተቀዳ የፈላ ውሃ» አልኩ። እርሾ በዚያ ሙቀት ይሞታል። በውስጡ ያለው ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል፣ መሥሪያው ሁሉ ይበላሻል።

በር ዘግቼበት ግን አልነበረም። አንድ ጊዜ ቤቱ ቢሞክረው ይደርስበታል። ገጹን ቆም ብሎ ቢያነብ እንኳ፣ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ነውና፣ ይጠራጠራል። እኔ የተማመንኩት በአንድ ነገር ነበር፤ እንደማያነብና እንደማይሞክር። ከደብተሬ ዳር የተጻፈው የአባቴ መድኃኒት ምስክሬ ነው።

ውድድሩ ቅዳሜ ዋለ። ለአባቴ ደውዬ ሥራ ስላለብኝ አልመጣም አልኳቸው። «እሺ፣ ለላሟ እነግራታለሁ» አሉ። ድምፃቸው ቅር እንዳለው ሰምቼ እንዳልሰማ ስልኩን ዘጋሁ።

ቡራዩ ደርሼ ከአዳራሹ ሦስተኛ ረድፍ ተቀመጥኩ። ከገፈርሳ በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሦስት ዳኞች አሉ፤ ሰብሳቢዋ ለጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸው በክር የተንጠለጠለ መምህርት ናቸው። የባልደረባዬ ተራ ደረሰ። ገጼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከፔርሙዙ ቀዳ። እንፋሎቱ ከሦስተኛው ረድፍ ይታያል። በሁለቱም ጠርሙስ ሞላ፤ ፕላስቲኩ ለስልሶ ወገቡ ታጠፈ። እርሾውን ጨመረ፣ ወረቀቱን ከተተ፣ ፊኛዎቹን ገጠመ።

የጠርሙሱ አየር ስለሞቀ ሁለቱም ፊኛዎች ትንሽ ቀና አሉ።

«አያችሁ! ሕይወት ማለት ይህ ነው!» አለ።

ከዚያ ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሁለቱም ፊኛዎች እኩል ጎንበስ አሉ፤ ጭራሽ ወደ ጠርሙሱ ውስጥ መሳብ ጀመሩ። እሱ ማውራቱን ቀጠለ። አንገቱ ላይ ላብ አየሁ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ልጄ፣ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው?»

«አንደኛው ሕያው ነው፣ አንደኛው ቫይረስ ነው።»

«ሕያው የቱ ነው?»

ገጼን አየ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ላይ ምንም አልጻፍኩም። ከዚያ በጣቱ ጠቆመ፤ የጠቆመው ወረቀት ያለበትን ነበር። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ፣ ያ ሳቅ ዛሬም ሲበርደኝ ያሞቀኛል።

«ለምን እንዳልሠራ የሚያውቅ አለ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

እጄን አወጣሁ። ወደ ፊት ሄጄ ከቦርሳዬ ጠርሙስ፣ ስኳር፣ የእርሾ ፓኬትና ፊኛ አወጣሁ። የፔርሙዙን ውሃ በቀዝቃዛ ቀላቅዬ በእጅ አንጓዬ ፈተንኩ። «የሞተ ሕዋስና ወረቀት ጠርሙስ ውስጥ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መሥራት አይችሉም። ሕያው የምንለው መሥሪያው ያልተበላሸውን ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ቀጣዩ ተወዳዳሪ አቅርቦ ሳይጨርስ ፊኛዬ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተጨበጨበ። ባልደረባዬን ቀጥ ብዬ አየሁት። እሱ አላጨበጨበም።

በሻይ ሰዓት ሰብሳቢዋ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ሁልጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ እርሾና ፊኛ ይዘሽ ነው የምትዞሪው?»

ቦርሳዬን ዘጋሁ። ገጼን ከባልደረባዬ ተቀብለው ይዘውት ነበር። እሱን አዩ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አዩ።

«ይህ እጅ ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ የእኔ ነው።»

«‹የፈላ› የሚለውንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠርሙሶቹን፣ ጭብጨባውን፣ አባቴን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ ገጹን አራት ቦታ አጥፈው መለሱልኝ።

«ጎበዝ አስተማሪ ነሽ። ቦታውን ግን ለእሱም ላንቺም አንሰጥም። እሱ ያላነበበውን ያስተምራል። አንቺ የምታውቂውን አጣመምሽ። የቱ እንደሚብስ እኔም እንጃ።»

ሱሉልታ ስለ ባቄላ አበቃቀል ላቀረበ አንድ ዝምተኛ የቡራዩ መምህር ተሰጠች።

ሰኞ ሰበታ ሥራ ገባሁ። ሂሳቡ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። በዕረፍት ሰዓት አንዲት የራሴ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ ቤት ሞከርነው። እርሾ ለካ ሕይወት የለውም።»

«ማን አለሽ?»

ደብተሯን አሳየችኝ። በቀይ፣ በጥንቃቄ፦ «በቀጥታ ከፔርሙዝ የተቀዳ የፈላ ውሃ»። ከሌላ ክፍል ጓደኛዋ ነው የገለበጠችው። ባልደረባዬ ቡራዩ ከመሄዱ በፊት ገጼን ለአለቃዋ ሰጥቷል፤ አለቃዋ በሦስት ክፍል ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች። እንደዚህ እንደሚሆን ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ግን እሱን ብቻ ነበር የማየው። ቃሌ እግር አልነበራትም፤ የልጆቹ እጅ ተሸክሞ፣ የልጆቹ ስክሪብቶ አባዝቶ፣ ወደ ራሴ ክፍል አመጣልኝ። ለወራት በልቤ ቫይረስ ስለው የኖርኩት እሱን ነበር። መልእክቱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ሙከራውን በለብ ያለ ውሃ እየደጋገምኩ፣ በየደብተሩ ላይ «የፈላ» የሚለውን አሰረዝኩ። «ስህተቱ የማን ነው ቲቸር?» ሲሉኝ «የእኔ» አልኩ። ይህን ማለት ከቡራዩ ዳኞች ፊት ከመቆም ይከብድ ነበር።

ለአባቴም ነገርኳቸው። በጣቱ የጠቆመው ጠርሙስ ላይ ስደርስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ።

«ሱሉልታስ?»

«ሱሉልታ ቀረች አባባ።»

የላሟን ጀርባ ጥቂት አሻሹ። «በይ እንግዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠብቅሻለች። እንዳለፈው ቅዳሜ ደግሞ እንዳትቀሪባት።»

ተጸጽቻለሁ? ለተማሪዎቹ፣ አዎ። ለአባቴ ቅዳሜ፣ በጣም። ለእሱ ግን ቅንጣት ታህል አልጸጸትም። ባልደረባዬ አሁንም ሐሙስ ይመጣል፤ ግን ደብተሬን ይዞ አይሄድም። እዚያው ቆሞ መስመር በመስመር ያነባል፣ ጣቱን አንዱ ቃል ላይ ያሳርፍና በጎን እያየኝ ይጠይቀኛል።

«ይኼ እውነት ነው?»

«ሞክረው» እለዋለሁ። ሌላ ቃል ከእኔ አያገኝም።

እናንተንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ሁለት ጠርሙስ ፈልጉ። ስኳር፣ እርሾ፣ ሁለት ፊኛ፣ ትእዛዝ የተጻፈበት አንድ ወረቀት። ውሃው ከላም ጡት እንደወጣ ወተት ለብ ያለ ይሁን፤ በእጅ አንጓችሁ ፈትኑት። የቱ እንደሚነሳ ቁጭ ብላችሁ እዩ። በዚህ ጊዜ የጻፍኩት እውነቱን ነው። ግን ስለነገርኳችሁ ብላችሁ አትመኑኝ፤ ሞክሩት።